ከአረፋሽ ቀድመሽ አትውጪ

«መቶ አርባ ሦስት!» አለች ሬዲዮ፣ ስልኩን ከሚጡ እጅ መንጭቃ። «አንቺ ልጅ፣ መቶ አርባ ሦስት ሰው ስቋል እኮ!»

የእረፍት ደወል ከተደወለ አምስት ደቂቃ አልሞላም። ሁለቱ ጓደኛሞች ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ፣ የተሰባበሩ ዴስኮች በተከመሩበት ጥግ ተቀምጠዋል። ሬዲዮ ይህ ስም የወጣላት አፏ ስለማይዘጋ ነው። ሚጡ ደግሞ በሕፃንነቷ የወጣላት የቁልምጫ ስም እስከ አሥራ አምስት ዓመቷ ተከትሏት መጣ እንጂ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ረጅሟ እሷ ናት።

ሬዲዮ ቪዲዮውን እንደገና ከፈተችው። አንዲት ሴት የአየር ሲሊንደር በጀርባዋ አዝላ ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ትታያለች። መጀመሪያ ላይ ዝግ ብላ ትንሳፈፍ ነበር። ድንገት ግን እጆቿን እያርገበገበች፣ እግሮቿን እያወራጨች ወደ ላይ ተተኮሰች። ከሥሩ «በአርባ ሦስት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠለቅሁ! ደስታዬን ተካፈሉኝ» ብላ ጽፋለች። በጠላቂዎቹ የስልክ ግሩፕ ውስጥ የምትታወቀው «ጀማሪዋ» በሚል ስም ነው። ቀጥሎ ያ ሁሉ ሰው የሳቀበት የሚጡ ኮመንት ይነበባል፦

«እህቴ፣ ይሄ መጥለቅ አይደለም። ከቢላ ያመለጠች ዶሮ ነው የምትመስይው። ከአረፋሽ ቀድመሽ አትውጪ! ይህን ሳታውቂ ማን ነው ውሃ ውስጥ የለቀቀሽ?»

«አይ ጋሽ ጥልቁ! ገደሏት እኮ» ብሎ አንዱ መልሶላታል።

ጋሽ ጥልቁ ማለት ሚጡ ናት። ስድስት ሺህ ጠላቂዎች በተሰባሰቡበት በዚያ ግሩፕ ውስጥ ጋሽ ጥልቁ ዕድሜያቸውን ባሕር ሥር የጨረሱ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ቁጡ ሽማግሌ እንደሆኑ ሁሉም ያምናል። እሷ እንዲህ ነኝ ብላ አታውቅም። «ጥልቁ» የሚል ስም አስገባች፣ የመልሕቅ ፎቶ ለጠፈች፣ ሰው ሲጠይቅ ሳታመነታ መለሰች። «ጋሽ» የሚለውን የጨመሩላት እነሱ ናቸው። እሷም አላረመቻቸውም። ትልልቅ ሰዎች «እርስዎ» እያሉ ሲጽፉላት ደስ ይላት ነበርና።

«ግን የአረፋው ነገር እውነት ነው?» አለች ሬዲዮ።

«እውነት ነው። ስትተነፍሺ ከአፍሽ የሚወጡት ትንንሾቹ አረፋዎች ወደ ላይ ሲሄዱ ታያለሽ። ከእነሱ ፈጥነሽ ከወጣሽ አደጋ ነው። በዚያ ላይ ትንፋሽሽን ይዘሽ ከሆነ ሳንባሽ ሊቀደድ ይችላል።»

«እንዲህ የሞት የሽረት ነገር ከሆነ ታዲያ ዶሮዋ እዚህ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረጋት?»

ሚጡ ሳቀች። ደግነቱ ደወሉ ደረሰላት።

ከሰዓት በኋላ ቤት ገብታ ግሩፑን ስትከፍት ጀማሪዋ ቪዲዮውን አጥፍታዋለች።

*

ሚጡና እናቷ የሚኖሩት ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ያለው መስኮቱ ሥር ሲሆን፣ በመስኮቱ በኩል በሁለት ሕንፃዎች መካከል መዳፍ የምታህል ባሕር ትታያለች። ሚጡ ቦርሳዋን ሳታወርድ መጀመሪያ የምታየው ያችን ነው። ዛሬ አረንጓዴ ናት፣ ወይም ግራጫ ናት፣ ወይም ነፋስ አለ። ለማንም አትናገርም። እናቷ ግን ስታይ ታያታለች።

ከሁለት ዓመት በፊት ሚጡ በዋና ክበቧ በኩል የመጥለቅ ትምህርት ጀምራ ነበር። ውሃ ውስጥ ከሚገቡበት ቀን አንድ ቀን ቀደም ብሎ አንድ ልጅ «ጆሮ የሚያመው ለምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከሠልጣኞቹ ትልቁ «ጆሮህን ቤት ትተኸው አትመጣም?» አለው። ሁሉም ተንከተከቱ። ሚጡም ስቃለች። በማግስቱ እሷ ራሷ ጉንፋን ይዟት ውሃ ውስጥ ገባች። ሁለት ሜትር ላይ ጆሮዋ ተወጠረ፤ ሦስት ሜትር ላይ ምስማር የገባበት ያህል ወጋት። አሠልጣኙ በእጁ «ደህና ናችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ የልጁ ነገር ትዝ አላት፤ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አጋጥማ በምልክት «ደህና ነኝ» አለች። አራት ሜትር ላይ ግራ ጆሮዋ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ፤ ላይና ታቹ ተምታታባት።

ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ ሲነግራት ዓይን ዓይኗን እያየ ነው። «መስማቱን ትሰሚያለሽ። መጥለቅ የሚባለውን ግን እርሺው፣ የኔ ልጅ።»

እርሺው! እሷ ግን ያገኘችውን መጽሐፍ ሁሉ አነበበች፤ የግፊት ሠንጠረዥ በቃሏ ያዘች፤ ስለ መተንፈሻ ቱቦ፣ ስለ ሞገድ፣ ስለ አየር አጠቃቀም ከብዙ ጠላቂ በላይ አወቀች። ምን ዋጋ አለው፤ ልብሷን እንኳ የሚያረጥብ አልነበረም።

ጀማሪዋ ቪዲዮውን ባጠፋችበት ቀን ከሰዓት፣ ሚጡ እናቷን ለማገዝ የሸሚዝ ቁልፎች እየተከለች ሳለ የጎረቤት ልጅ መጣች። ቅርብ ጊዜ ነው ስፌት መማር የጀመረችው። ራሷ የሰፋችውን ሸሚዝ ከፌስታል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የቀኙ እጅጌ በግራ፣ የግራው በቀኝ ተሰፍቷል። ሚጡ ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነከሰች።

እናቷ መነጽሯን አስተካክላ ሸሚዙን ገለባበጠችው። «ስፌትሽ ቀጥ ያለ ነው፤ እጅ አለሽ» አለች። «እጅጌዎቹ ብቻ ናቸው ቦታ የተለዋወጡት። ነይ አጠገቤ ተቀመጪ፣ አብረን እንፍታው። እኔም በመጀመሪያው ሸሚዜ እንዲሁ ሆኜ ነበር።»

ስትመጣ አቀርቅራ የነበረችው ልጅ አንገቷ ቀና አለ። ሰዓት ሙሉ ስትጠይቅ ቆየች። ስለ እጅጌው፣ ስለ ኮሌታው፣ ስለ ኪሱ፣ ስላልሰፋችው ሱሪ ሳይቀር።

ከሄደች በኋላ ሚጡ «እውነት አንቺም እጅጌ አቀያይረሻል?» አለቻት።

«ኧረ እኔስ የባሰ ነው ያደረግሁት» አለች እናቷ ክር እየቆረጠች። «የአንገቱን ቀዳዳ ሰፍቼ ዘግቼዋለሁ። አባትሽ ‹ይሄ ሸሚዝ ነው ወይስ ትራስ?› ብሎኛል።»

ሁለቱም ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። ሚጡ ገና እየሳቀች ሳለ ስልኳ ጮኸ። መልእክቱ በግል የተላከ ነበር፤ ከጀማሪዋ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ጥልቁ። ቪዲዮውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ዶሮዋ። ግሩፑ ላይ መጠየቅ አፍሬ ነው እዚህ የመጣሁት። ቢቆጡም የሚያውቁ ሰው እንደሆኑ አይቻለሁ። ጉንፋን ከያዘኝ ሦስት ቀኔ ነው። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁለተኛዬን ልጠልቅ ነው። ባለፈው ስወርድ ጆሮዬን አሞኝ ነበር። የጉንፋን ክኒን ውጬ ብገባ ችግር አለው? አሠልጣኙን እንዳልጠይቀው እንደ ሰነፍ እንዳያየኝ ፈራሁ። የከሰዓት ፈረቃ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዎቼን ‹መጠየቅ ነውር አይደለም› ስል ነው የምውለው። ራሴ ላይ ሲደርስ ይኸው። ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ።»

የሚጡ ሳቅ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ግራ ጆሮዋን ሳታስበው በእጇ ያዘች።

«ምን ሆንሽ?» አለች እናቷ።

«ምንም።»

«ይሄ የምንም ፊት አይደለም።»

ሚጡ ስልኳን ይዛ ደረጃው ላይ ወጥታ ተቀመጠች። መጀመሪያ የጻፈችው በጋሽ ጥልቁ ድምፅ ነው፦ «አይሞከርም! በጉንፋን የሚጠልቅ ጆሮውን የጠላ ብቻ ነው።» አጠፋችው። ደግማ ሞከረች፦ «በሃያ ዓመት ልምዴ…» እሱንም አጠፋችው።

የቸገራት ይሄ ነበር። ጋሽ ጥልቁ ሆና «አትግቢ» ብትል ሴትዮዋ ትሰማታለች፤ ሽማግሌ ተናግሮ ማን እምቢ ይላል? የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነኝ ብትል ደግሞ ማን ከቁም ነገር ይቆጥራታል? ነገ ጠዋት ክኒኗን ውጣ ብትገባስ? ውሸቱ ቢያንስ ለዛሬ ይጠቅም የለ?

ግን ሴትዮዋ በሰው ፊት መጠየቅ የፈራችው ራሱ ጋሽ ጥልቁ ስላሳቁባት ነው። ነገም ሌላ ነገር ስትጠራጠር ፈርታ ትውጠዋለች። ጋሽ ጥልቁ ሁልጊዜ አጠገቧ አይገኙም። ሳትቆም ጻፈች፦

«አይግቡ። እባክዎ ነገ አይግቡ። እኔ ጋሽ አይደለሁም። ሴት ነኝ፣ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። በሕይወቴ የጠለቅሁት አንድ ቀን፣ አራት ሜትር ብቻ ነው። ያን ቀን ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ለመናገር አፍሬ ዝም አልኩ፤ የጆሮዬ ታምቡር ተቀደደ። ዳግመኛ አልጠልቅም። ክኒኑ አፍንጫዎን ለጊዜው ይከፍት ይሆናል፤ ውሃ ውስጥ እያሉ ኃይሉ ቢያልቅስ? እኔን ብቻ አይመኑኝ፤ እኔ የማውቀው ያነበብኩትንና የደረሰብኝን ነው። ዛሬውኑ ለአሠልጣኙ ደውለው ይንገሩት፤ ሐኪምም ይጠይቁ። ስለ ዶሮዋ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መጀመሪያ ላይ እንዴት ዝግ ብለው ሲንሳፈፉ እንደነበር አይቻለሁ። ቀንቼብዎት ነው።»

የመጨረሻዋን ቃል ጽፋ ራሷ ደነገጠች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላወቀችውም ነበር። ሳታጠፋው ላከችው።

መልእክቱ ተነበበ። መልስ ግን የለም።

*

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሒሳብ ፈተና ነበር። ሚጡ የመጀመሪያውን ጥያቄ አምስት ጊዜ አነበበችው። አሁን ጀልባው ላይ ወጥታለች። አሁን ሲሊንደሩን አዝላለች። አሁን ሁለት ሜትር፤ አሁን ሦስት…

ፈተናው እንዳለቀ ሮጣ ስልኳን ከፈተች።

«አልገባሁም። ለአሠልጣኙ ስነግረው ‹ጆሮሽን አሞሽ እንዴት ዝም ትይኛለሽ?› ብሎ ተቆጣኝ፤ ሐኪም ሳያይሽ ጀልባው ላይ እንዳላይሽ ብሏል። ባንቺም ተናድጃለሁ። ተማሪዎቼ እኩዮችሽ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ‹እርስዎ፣ እርስዎ› ስልሽ! ባለቤቴ እስካሁን እየሳቀብኝ ነው። ጆሮሽ ግን አሁን ደህና ነው?»

«ደህና ነው፤ እሰማለሁ» ብላ መለሰች ሚጡ።

ለሬዲዮ ስታሳያት፣ ሬዲዮ መልእክቶቹን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበቻቸው። ከዚያ «ግሩፑ ላይስ ምን ልትዪ ነው?» አለቻት።

«እውነቱን።»

«ሙድ ይይዙብሻል።»

«ይያዙ።»

ያዙባትም። ስለ ራሷ ለሴትዮዋ የጻፈችውን ለግሩፑም ስትጽፍ አንዱ «ጋሼ ጡጦ» አላት፤ ሌላው «ስንቶቻችን በሕፃን ምክር ጠልቀናል!» ብሎ ከግሩፑ ወጣ። ሁለት ቀን ስልኳን መክፈት አስጠላት። በሦስተኛው ቀን ግን ግሩፑን የሚመሩት ሰውዬ፣ ሥራቸው የጠላቂዎችን ሲሊንደር አየር መሙላት የሆነ፣ ከኮመንቶቹ ሥር እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «እኔም በወጣትነቴ መጠየቅ አፍሬ የደረሰብኝን ለማንም ሳልናገር ሠላሳ ዓመት ኖሬአለሁ። ልጄ፣ ስምሽን ቀይሪና እዚሁ ቆዪ።» ከእሳቸው በታች አንድ ሰው የመጥለቂያ ማስክ መስታወቱ ለምን ጉም እንደሚይዝ ጠየቀ። ሌላው ደግሞ ሲሊንደሩን ገልብጦ አስሮት እንደነበር ተናዘዘ። ሚጡ የምታውቀውን መለሰች፣ የማታውቀውን «አላውቅም፣ የሚያውቅ ይርዳን» አለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አስተማሪዋ በግል ጻፈችላት።

«ሐኪሙ ፈቅዶልኛል፤ ነገ ልገባ ነው። ስለ ጆሮ ለመጠየቅ አይደለም የጻፍኩት፤ ያን አሠልጣኙን ጠይቄ ጨርሻለሁ። አንድ ነገር አስቤ ነው። ነገ ስወርድ ምን ልይልሽ?»

ሚጡ መልእክቱን ይዛ መስኮቱ ዘንድ ቆመች። እናቷ ስፌቷን አቁማ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ መልሳ አቀረቀረች።

በእነዚህ ሁለት ዓመታት ሚጡ ጠላቂዎችን ስለ ጥልቀት፣ ስለ ግፊት፣ ስለ ደቂቃ ጠይቃለች። ምን እንዳዩ ግን አንዳቸውንም ጠይቃ አታውቅም። ሲተርኩም ሳታነብ ታልፋለች። መስማቱ ያማት ነበር። «ምንም፣ በሰላም ይመለሱ» ብላ ጻፈች፤ ጥቂት አየችውና አጠፋችው።

«እኔ አሞኝ ስለነበር የማየው መሬት መሬቱን ብቻ ነበር፤ ወደ ላይ አላየሁም» ብላ ጀመረች። «ታች ደርሰው ሲረጋጉ ቀና ይበሉና ይዩልኝ። ፀሐይዋ ከዚያ ሆነው ሲያዩዋት ምን ትመስላለች?»

ላከችው። ትንሽ ቆየችና ሌላ ጨመረች፦

«ሲነግሩኝ አያሳጥሩት። ሁሉንም መስማት እፈልጋለሁ።»