ስናይፐሩና የዓርብ አደራ

እፀገነት ካሳው ዐሥር ዓመቷ ነው። ቤታቸው ከኮቦ ወጣ ብሎ ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከማሽላው መሀል ነው። አጥር ብቻ የሚለያቸው ጎረቤቷ ፈሪሀ ትባላለች፤ እኩያዋ ናት፣ የልብ ጓደኛዋም ናት።

ልጆች፣ ማሽላ ወተት ሲይዝ ግሪሳ ወፍ እንደሚወርድበት ለእናንተ አይነገርም። ስለዚህ ሁለቱ ቤቶች ከድሮ ጀምሮ አንድ ደንብ አላቸው። ዓርብ እነፈሪሀ ለጁምዓ ኮቦ ሲሄዱ የሁለቱንም ማሳ የምትጠብቀው እፀገነት ናት። እሑድ እነእፀገነት ቅዳሴ ሲሄዱ ደግሞ ማሳው መሀል ካለው የወፍ መጠበቂያ ማማ ላይ የምትወጣው ፈሪሀ ናት። አደራ ነው በቃ።

ታዲያ አንድ ቀን የፈሪሀ አጎት ነጅሙዲን ከአዲስ አበባ መጣና ስናይፐር አመጣላት። አትደንግጡ! የፕላስቲክ ነው፤ ጥይቱም ስፖንጅ። ግን እንዴት ያለ! አረንጓዴ፣ ረጅም፣ ከላዩ መነጽር ያለው፣ ከፊቱ ሁለት እግር የሚዘረጋ። እፀገነት ስታየው ምራቋን ዋጠች።

«አንዴ ልያዘው?»

«እንቺ፣ ቤት ውስጥ ብቻ ግን» አለች ፈሪሀ። «ደጅ እንዳይወጣ ብሏል አባቴ። ጥይቱ ስድስት ብቻ ነው፤ ቢጠፋ ከየት ይመጣል?»

ከዚያ ወዲያ የእፀገነት ልብ ሌላ ሆነ። ስትበላ ስናይፐር፣ ስትተኛ ስናይፐር። ውሃ ስትቀዳ እንኳ አንድ ዓይኗን ጨፍና በጀሪካኑ ጆሮ ታነጣጥራለች። አባቷን ለመነች። አቶ ካሳው ግን ፊታቸውን አዞሩ።

«ልጄ፣ በዚህ አገር ጠመንጃ አይተን ጠግበናል። ሌላ ነገር ጠይቂኝ» አሏት።

ሌላ ምን ትጠይቅ? ሌላ ምንም አላማራትም። ምኞት እንዲህ ነው ልጆች፤ አንዴ ልብ ውስጥ ከገባ ውጣ ቢሉት አይወጣም። እኔም በእናንተ ዕድሜ የብስክሌት ደወል አምሮኝ አልቅሻለሁ፤ ብስክሌት ሳይኖረኝ! አንተ ከኋላ ያለኸው፣ አትሳቅ።

ዓርብ ደረሰ። የፈሪሀ እናት እትዬ መይሙና የቤታቸውን ቁልፍ ለእፀገነት ሰጧት። «ወንጭፉ ከበሩ ኋላ ነው። ማሳውን ከአላህ በታች ላንቺ ትቻለሁ፣ የኔ ልጅ» ብለዋት ሄዱ።

ከበሩ ኋላ ወንጭፉ ተሰቅሏል። ከጎኑ ስናይፐሩ ቆሟል። እፀገነት አየችው፤ እሱም ያያት መሰላት።

«ወፍ እጠብቅበታለሁ እኮ! እንዲያውም ከወንጭፍ ይሻላል» አለች ለራሷ።

አያችሁ? ሰው ጥፋት ሲያምረው ምክንያት አያጣም። ሁለቱንም ይዛ ማማው ላይ ወጣች።

በደረቷ ተኛች። አንድ ዓይኗን ጨፍና በመነጽሩ አየች። ሩቁ አልቀረበም፤ መነጽሩ ባዶ ቀዳዳ ነበር። ቃታውን ሳበች። ፑፍ! ጥይቷ ጥቂት ርምጃ ሄዳ ነፋስ ወሰዳትና ማሽላው ውስጥ ወደቀች። ወፎቹ ዞር ብለው እንኳ አላዩዋት።

«ቆይ፣ እንደገና» አለች። አጎረሰች፣ ሳበች፣ ፑፍ! ወንጭፍ ቢሆን አንዷ ጠጠር መንጋውን ታስነሳው ነበር። ስናይፐሩ መልክ እንጂ ለወፍ የሚሆን ጉልበት አልነበረውም። ይህንን እያየችም መተው አቃታት። ስድስቱንም ጨረሰች። ከዚያ ወርዳ በአገዳው መሀል እየዳኸች ጥይት ፈለገች። አራቱን አገኘች። ሁለቱ ግን የሉም።

ቀና ስትል ግሪሳው በሙሉ የነፈሪሀ ማሳ ላይ ሰፍሯል።

«ውይ! ውይ በሞትኩት! ሁሽ!» ወንጭፏን አሽከርክራ ለቀቀችው። ጧ! መንጋው ተነሣ። የዳር ዳሩ ማሽላ ግን ገለባ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ስናይፐሩን ቦታው መለሰች። እትዬ መይሙና ሲመጡ ማሳውን አይተው «ምነው ልጄ?» አሏት።

«በዙብኝ እትዬ። ከሮቢት ከተማ በኩል እንደ ደመና መጡብኝ።»

ውሸቷን ነው። እሳቸው ግን አልተቆጡም። «ድምፅሽ እስኪዘጋ ጮኸሽ ይሆናል፣ አፈር ስሆን! ዛሬ ጾምሽ ነው ብዬ ወተቱን ተውኩት። እንቺ፣ የሽምብራ ቆሎ ቆልቼልሻለሁ። አላህ ያሳድግሽ» አሉ። እፀገነት ቆሎውን ተቀብላ ሳትቀምሰው ወደ ቤቷ ሮጠች።

እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆማ ከሩቅ የወንጭፍ ድምፅ ሰማች። ጧ! ጧ! ፈሪሀ ናት፤ የእነሱን ማሽላ እየጠበቀች። እፀገነት ያን ጊዜ ስናይፐር አላማራትም። የናፈቃት የሐሙሷ እፀገነት ነበረች፤ ፈሪሀን ዓይን ዓይኗን እያየች የምትስቀው። ወደዚያች ልጅ መመለስ እንዴት እንዳማራት!

ቅዳሴ እንዳለቀ እየሮጠች ሄደች። ፈሪሀ ማማው ላይ ናት፤ ድምፅዋ ተዘግቷል፣ መዳፏ ውሃ ቋጥሯል። አንድ የማሽላ ራስ እንኳ አላስነካችም።

«ፈሪሀ፣ ወፎቹ አልበዙብኝም። ስናይፐሩን ሳትፈቅጂልኝ ወስጄ ስጫወት ነው የበሉባችሁ። ሁለት ጥይትም ጠፍቶብኛል።»

ፈሪሀ ወንጭፏን አስቀመጠች። ከዚያ «አውቄያለሁ። ስቆጥር አራት ነው» አለች።

«እያወቅሽ ታዲያ… ለምን ማሳችንን ጠበቅሽ?»

ፈሪሀን ገረማት። «እሑድ ነዋ!»

እፀገነት ማማው ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ በራሷ እግር እትዬ መይሙና ዘንድ ሄደች፤ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው፤ ይቅርታም ጠየቀች። እሳቸው እስክትጨርስ አዳመጧት። በመጨረሻ ጉንጯን በነጠላቸው ጠረጉላት።

«ማሽላው ለከርሞ ይበቅላል። ውሸትሽ ግን አሳዝኖኛል። በይ፣ ዓርብ ጠዋት መጥተሽ ቁልፉን ውሰጂ» አሏት።

ዓርብ እፀገነት በሩን ከፈተች። ወንጭፉ ተሰቅሏል። ስናይፐሩም አለ፤ እንደዚያው አረንጓዴ፣ እንደዚያው ቆንጆ። አልዋሻችሁም፣ ልቧ ዛሬም ፈለገው። ግን እጇን ዘርግታ ወንጭፉን ብቻ አነሣችና በሩን ቆልፋ ወደ ማማው ሄደች።

ልጆቼ፣ ምኞት ቶሎ ከልብ አይወጣም፤ የሰው አደራ ግን ከምኞታችን ይበልጣል።