ጨዋታ ወይስ ዝምታ

«ጨዋታ ወይስ ዝምታ?» አለች ሬዲዮ፣ የውሃውን ሙቀት በመዳፏ እየለካች።

በእናቷ ፀጉር ቤት አንዲት ደንበኛ አንገቷን ገንዳው ላይ ከማስደገፏ በፊት ይህን ጥያቄ ትጠየቃለች። ጨዋታ ያለች ወሬው ይወርድላታል፤ ዝምታ ያለች ደግሞ ፀጉሯ እስኪደርቅ ድረስ ትንፍሽ የሚልባት የለም። ደንቡን ያወጣችው እናቷ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ እጥበቱ የሬዲዮ ድርሻ ቢሆንም ዝምታ የሚሉትን እናቷ ራሷ ታጥባቸዋለች፤ ልጇን ታውቃታለቻ! በደህናው ቀን «ተጫዋቿ ልጄ» ትላታለች። ሬዲዮ ወሬ ይዛ ገንዳው ሞልቶ ሲፈስ ደግሞ «አንቺ ለፍላፊ!» ይመጣል። ሬዲዮ የሚለውን ስም ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ እሷም ትኮራበታለች።

ዛሬ ገንዳው ላይ ልትንጋለል የተቀመጠችው የዴስክ ጓደኛዋ ቁልፍ ናት። ይሄም ቅጽል ስም ነው። ቁልፍ ሲጠይቋት ትመልሳለች፤ ካልጠየቋት ደብተሯን ታያለች። የክፍሉ ቀልደኞች «ሬዲዮ ያለ ቁልፍ አይዘጋም» እያሉ ሁለቱንም ይለክፏቸዋል።

ሬዲዮ በሆዷ «ዝምታ በይ፣ ዝምታ በይ» እያለች ጠበቀች። በሕይወቷ ዝምታን እንደዛሬ የተመኘችበት ቀን የለም።

«ጨዋታ» አለች ቁልፍ።

«አንቺ? ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«እኔ እኮ ወሬ አልጠላም። ተራ ነው የማይደርሰኝ።»

ወዲያ ማዶ የአንዲት ሴትዮ ፀጉር ስታበጥር የነበረችው እናቷ በሳቅ ፍርስ አለች። ሬዲዮ ግን መሳቅ አቃታት፤ ሐሳቧ የትናንቱ ነገር ላይ ነበር።

የትምህርት ቤታቸው ሚኒ ሚዲያ ለጠዋቱ ዝግጅት አንድ አቅራቢ ይፈልጋል። ድምፃቸው ተፈትኖ የቀሩት እሷና ቁልፍ ናቸው። ትናንት ዓርብ ክበቡን የሚመሩት መምህርት ሬዲዮን ለብቻዋ ጠርተው «አቅራቢ እንግዳ ጋብዞ ያነጋግራል። ጓደኛሽ ከሰው ጋር እንዴት ናት?» ብለው ጠየቋት።

ሬዲዮ ቃል ቸግሯት አያውቅም። ዝምተኛ ማለት ትችል ነበር። ጭምት፣ ቁጥብ፣ ረጋ ያለች፣ ሁሉም ምላሷ ላይ ነበሩ። ነገር ግን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የተመኘችው ማይክሮፎን ፊት ለፊቷ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ኩራተኛ ናት፤ ሰው አትቀርብም» አለች።

መምህርቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ነገሩ በዚያው አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮ ለራሷ የምትነግረው አንድ ነገር ነው፤ ደግሞስ መች ዋሸሁ፣ ቁልፍ እውነትም ሰው ላይ ሄዳ አትለጠፍም።

«ቲቸር ስላንቺ ጠየቁኝ» አለች ቁልፍ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች።

የሬዲዮ ጣቶች አረፋው ውስጥ ቀጥ አሉ። «ምን አልሻቸው?»

ቁልፍ እንደ ልማዷ አልቸኮለችም። «ተግባቢ ናት አልኳቸው። ‹ወሬ አታበዛም ወይ?› አሉኝ። እኔም አዲስ የገባሁ ቀን ማንም ዞር ብሎ ሳያየኝ እሷ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና እስከ መውጫ ደወል ለፈለፈችብኝ፤ ቤት ስገባ ለእማዬ ጓደኛ አገኘሁ ብዬ ነገርኳት አልኳቸው።» ቀጠለች። «አቅራቢነቱን እኮ እኔም በጣም ነው የምፈልገው። ግን የተጠየቅኩት ስላንቺ ነዋ፣ ምን ልበል?»

ሬዲዮ ቧንቧው መከፈቱን ረሳች። እፍረቱ ከአንገቷ ተነስቶ ጆሮዋ ድረስ አቃጠላት። ውሃው ገንዳውን ሞልቶ ወለሉ ላይ መፍሰስ ጀመረ።

«ምነው፣ ዛሬ ሬዲዮኑ ባትሪ ጨረሰ?» አለች እናቷ ከወዲያ ሆና።

ሬዲዮ ቧንቧውን ዘጋች። የጓደኛዋን ፀጉር አንድም አረፋ እስከማይቀር አለቃለቀችና ፎጣ ጠመጠመችላት።

«ሰኞ ጠዋት ቤት መጥተሽ አትጥሪኝ» አለቻት። «ቀድሜሽ ነው የምሄደው።»

«ለምን?»

«የማስተካክለው ነገር አለብኝ። ከዚያ ላንቺም እነግርሻለሁ፤ ትቆጪኝ ይሆናል።»

ቁልፍ ከፎጣው ስር አየቻት።

ሰኞ ደወል ሳይደወል ሬዲዮ የሚኒ ሚዲያውን ክፍል አንኳኳች። መምህርቷ ገመድ እየጠቀለሉ ነበር።

«ቲቸር፣ ዓርብ ስለ ጓደኛዬ የነገርኩዎት ልክ አይደለም።»

«ኩራተኛ አይደለችም?»

«አይደለችም። ቁጥብ ናት። ሰው ሲያወራ አታቋርጥም፤ የነገሯትን አታወጣም። ሰው ታምናለች፣ ስታምን ደግሞ...» ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሰው ቀጠለች። «እንደዚያ ያልኩት ቦታውን ስለፈለግኩት ነው።»

መምህርቷ ገመዱን አስቀመጡና መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄን ከነገርሽኝ በኋላ ቦታው ለማን ሊሄድ እንደሚችል አስበሽበታል?»

ሬዲዮ ማይክሮፎኑን አየችው። አሁንም ያምራል። ብዙ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ድምፄ ጥሩ ነው፣ እንግዳ አላስጨንቅም፣ ጠዋት ጠዋት ግቢውን ሙሉ በሳቅ አነቃዋለሁ። ሁሉም እውነት ነበር።

«አስቤበታለሁ» አለችና ሌላ ምንም ሳትጨምር መልሳቸውን ጠበቀች።