አራተኛው ብሎን

የዓለምነው አስክሬን የተገኘው ሐሙስ ጧት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከ«ሠናይ ሰነድ» ሕንፃ ጀርባ ጤዛ በጠገበ ሣር ላይ ነው። ያገኙት ዘበኛው አያ ሙላቴ ናቸው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ልጁ ራሱን ከሦስተኛ ፎቅ ጣራ ወርውሮ እንደገደለ ደብረ ታቦር በሙሉ አወቀ። ከተማችን ሬሳውን ሳታይ ምክንያቱን በማወቅ የሚያህላት የለም።

ምክንያቱን ያደለው የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ዘውዱ ነበር። «ሠናይ ሰነድ» የገበሬውን የመሬት ደብተር በኮምፒውተር ገልብጦ የሚያስቀምጥ የግል ድርጅት ነው። የወረቀት ደብተሮቹ አምና ክረምት ጣራው ሲያፈስ በስብሰዋልና የሦስት ሺህ አባወራ ማሳ ወሰን የቀረው በአንድ ሰርቨር ውስጥ ብቻ ነው። ይህን ሰርቨር የሚጠብቀው የሠላሳ አንድ ዓመቱ የገሳይ ከተማ ተወላጅ ዓለምነው ነበር። ዘውዱ እንደሚለው ከሆነ ዓለምነው ረቡዕ ማታ ማሽኑን አድሳለሁ ብሎ አበላሸው፤ የሕዝብ ሰነድ ጠፋ፤ እፍረቱን መሸከም አቃተው።

ይህን አልቀበልም ያሉት አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ። የሟች እናት ወይዘሮ ማሬ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከገሳይ መጥተው፣ ልጃቸው የተጫነበት አምቡላንስ ፊት ቆሙ። የአጥቢያቸው ቄስ በስልክ ቁርጡን ነግረዋቸዋል፤ ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት የለም።

«ራሱን ገደለ በሚል ወረቀት ልጄን አልወስድም» አሉ። «ቄስ ሳይጸልይበት እንደ ውሻ አፈር ላለብሰው? እዚሁ እቆማለሁ። ከፈለጋችሁ በላዬ ላይ ንዱት።»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

ኢንስፔክተር ገነት ባዩ የደረሰችው በዚህ መሐል ነው። አጭር ናት፤ ስትራመድ ግን ረጅም ሰው ይቀድማት ዘንድ አትፈቅድም። ከመኪናዋ ሳትወርድ አዛዥዋ ደውሎላታል።

«ነገሩ ግልጽ ነው፤ እስከ ስድስት ሰዓት ‹ራሱን አጠፋ› ብለሽ ፈርሚና ዝጊው።»

«የምፈርመው ያወቅሁትን ነው፣ ጌታዬ» አለችና ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

መጀመሪያ የወጣችው ጣራው ላይ ነው። የኢንተርኔት አንቴናው የቆመበት ብረት በአራት ብሎኖች ተይዟል። ሦስቱን በጣቷ ሞከረቻቸው፤ ንቅንቅ አይሉም። አራተኛው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ መፍቻው ሳይነቀል አሁንም ብሎኑን ነክሶ ይዞታል። ገነት ተንበርክካ ብዙ አየችው።

«አያ ሙላቴ፣ ዓለምነውን በሕይወት ያዩት መጨረሻ መቼ ነው?»

«ትናንት ፀሐይ ስትገባ። ‹ብርድ ነው፣ ውረድ› አልሁት ከታች ሆኜ። ‹አንዲት ብሎን ቀረችኝ፣ አያ› አለኝ እየሳቀ። ደቂቃውን አትጠይቂኝ፤ ሰዓትም የለኝ፣ ፊደልም አልቆጠርሁ።»

«ወደ ጣራ የላከው ማነው?»

«ጋሼ ዘውዱ ናቸዋ። አስር ሰዓት ተኩል ግድም ‹አንቴናውን አጥብቅ› አሉት።»

«ሲወድቅ አልሰሙም?»

«ጎረቤታችን ወፍጮ ቤት ነው። እሱ ሲጮህ መድፍ ቢተኮስ አይሰማም። ሳይወጣ ሲቀርም ሥራ ይዞት ነው አልሁ፤ እዚሁ የሚያድርበት ቀን አለ። ምነው ወጥቼ ባየሁት!» ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ።

«ማታ ሕንፃው ውስጥ ማን ማን ነበር?»

«መብራት ከረፋድ እስከ አስር ሰዓት ጠፍቶ ስለዋለ ሁሉም አመሹ። ጋሼ ዘውዱ፣ እመቤት፣ ይሻውና እኔ። አንድ ሰዓት ላይ ዘጋሁት።»

የማሽን ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከዓለምነው በታች የሚሠራው ባለሙያ ይሻው፣ ከመጣ ገና ሁለት ወሩ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ከመደርደሪያው ፊት ቆሟል። በጥቁር ስክሪን ላይ አንድ ነጭ የእንግሊዝኛ መስመር ይታያል።

«ምን ይላል?»

«‹የምነሳበት ዲስክ አላገኘሁም› ነው የሚለው። ጋሼ ዘውዱ ‹ሞቷል፣ አትንካው፤ ዛሬውኑ ተነቅሎ ይወገዳል› ብለውኛል።»

«እኔ ንካው እልሃለሁ።»

ይሻው ማሽኑን አጥፍቶ አስነሳው፤ ገና ሲነሳም አንድ ቁልፍ ደጋግሞ ተጫነ። ሰማያዊ ገጽ መጣ።

«ማሽን ከምንም በፊት የሚያነበው ፈርምዌር የሚባል የራሱ መመሪያ አለው። ከየትኛው ዲስክ፣ በምን ዘዴ ልነሳ የሚለው እዚህ ነው የሚወሰነው...» ንግግሩን አቋረጠ። «ፓስወርድ አልጠየቀኝም!»

«መጠየቅ ነበረበት?»

«ዓለምነው ቆልፎት ነበር። ከእሱ በቀር የሚያውቀው የለም። ፓስወርዱን ሳያውቁ መግባት የሚቻለው ሽፋኑን ከፍቶ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ክብ ባትሪ በማውጣት ነው። ያኔ ማሽኑ ፓስወርዱንም፣ ቀኑንም፣ ሰዓቱንም ይረሳል፤ ሲነሳም እንደገና ሙሉልኝ ይላል።»

«ዓለምነው ፈርምዌሩን ሲያድስ ነው አሉ የተበላሸው?»

ይሻው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «ማን አደሰው? ቁጥሩ ያው የአምናው ነው። የተቀየረው የአነሳስ ዘዴው ነው፤ ወደ አሮጌው ተመልሷል። ዲስኩ ደኅና ነው፤ ማሽኑ ግን በዚህ ዘዴ ሊያነበው አይችልም።»

«ለማስተካከል ምን ያህል ይፈጃል?»

«ለሚያውቅ ሁለት ደቂቃ። ዓለምነውማ ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራው ነበር።»

ገነት በገጹ ጥግ ያለውን ቁጥር አየች፤ 03:40 ይላል። የእጅ ሰዓቷን አየች፤ ሦስት ሰዓት ከአርባ። «ቢያንስ ሰዓቱ ልክ ነው።»

«ኧረ ልክ አይደለም!» አለ ይሻው ስልኩን አውጥቶ። «ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሠራው። 09:40 ማለት ነበረበት።»

«ቀኑስ?»

«ቀኑ የፈረንጅ ነው፤ ልክ ነው።»

ገነት ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። የሀገሩንም የፈረንጁንም ቀን የያዘ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ከዚያ ይሻው ምንም እንዳይነካ አስጠንቅቃው ወጣች።

እመቤት መረጃ መዝጋቢ ናት። ስድስት ዓመት ቤሩት ሰው ቤት ሠርታ ተመልሳለች፤ ዓይኗ ከልቅሶ ብዛት አብጧል።

«ስድስት ከአስር ድረስ እየመዘገብኩ ነበር። ከዚያ ስክሪኔ ደርቆ ቀረ።»

«ስድስት ከአስር? እኩለ ቀን ላይ?»

«ይቅርታ፣ አስራ ሁለት ከአስር ማለቴ ነው። ስልኬም አእምሮዬም ከቤሩት ወዲህ በፈረንጅ ነው የሚቆጥሩት፤ እዚህ ሁሉ ይስቁብኛል። ወዲያው ልናገር ስወጣ ጋሼ ዘውዱን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸው። ‹ዓለምነው እያደሰው ነው፤ ወደ ቤትሽ ሂጂ› አሉኝ።»

«ትናንት ጧት ከዓለምነው ጋር እንደተጣላችሁ ሰምቻለሁ።»

ልጅቷ አገጯን ቀና አደረገች። «አዎ፣ ጮኼበታለሁ። ከጉና ተራራ ግርጌ ያለች የአንዲት ባልቴት ማሳ በሌላ ሰው ስም ተዛውሮ አገኘሁት። በእጄ የመዘገብኩት ነው፤ አልሳሳትም። ዓለምነው ‹ማን እንደቀየረው ማሽኑ ይናገራል፤ ዓርብ ለፍርድ ቤት አሳያለሁ› አለ። እኔ ደግሞ ዛሬውኑ ሂድ አልኩት። የዘውዱ ክፍል ከእኛ የሚለየው በስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አውሩ የሚለኝ አጥቼ!»

ዘውዱ ኢንስፔክተሯን የተቀበላት ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነው። ሐዘኑን በወጉ ገለጸ፤ ውኃ አስመጣላት።

«ትናንት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ ክፍል ገባ፤ ‹ጋሼ፣ ሳድሰው አበላሸሁት› ብሎ አለቀሰ። አጽናንቼ ሸኘሁት። እንዲህ ያደርጋል ብዬ መቼ አሰብሁ!»

«ሰዓቱን እርግጠኛ ነዎት?»

የሸሚዙን እጅጌ ገለጥ አድርጎ ወርቃማ ሰዓቱን አሳያት። «ይቺ ደቂቃ አትስትም፣ ኢንስፔክተር። ልክ አስራ ሁለት ሰዓት።»

«ከሰርቨሩ ጋር ይተዋወቃሉ?»

«እኔ? ማብራት እንኳ አልችልም!» ብሎ ሳቀ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ገነት ሁሉንም ማሽን ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ ማሬንም ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው።

«እሳቸው እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለ ዘውዱ።

«የሞተው ልጄ ነው» አሉ ማሬ፤ ወንበር ሳይሰጣቸው ተቀመጡ።

ገነት ለእያንዳንዳቸው ቁራጭ ወረቀት አደለች። «አሁን ስንት ሰዓት እንደሆነ ጻፉልኝ። በቁጥር።»

ይሻው 11:05 ብሎ ጻፈ። እመቤትም 11:05። አያ ሙላቴ «ወደ አምስት ግድም መሰለኝ፤ መጻፉን ግን ለምታውቁት» ብለው ወረቀቱን መለሱ። ዘውዱ ሰዓቱን አይቶ 5:05 ጻፈ።

«አሁን ስክሪኑን እዩት።»

ስክሪኑ 05:05 ይላል።

«ከመጀመሪያው ልነሳ» አለች ገነት። «ዓለምነው ማሽኑን ሲያድስ አበላሸው ተባለ። አልታደሰም፤ ቁጥሩ የአምናው ነው። ፓስወርዱ ግን በጉልበት ተሰርዟል። ዓለምነው ፓስወርዱን ያውቀዋል፤ ቁልፍ በእጁ ያለ ሰው በር አይሰብርም። ስለዚህ የገባው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ባትሪውን ሲያወጣ ማሽኑ ሰዓቱን ረሳ። እንደጠፋ ቢተወው የተነካካ መሆኑ ይታወቅበታል፤ ስለዚህ ሞላው። ቀኑን ከግድግዳው ላይ ገለበጠ። ሰዓቱን ደግሞ ከእጁ። ይሻውና እመቤት ሰዓት የሚቆጥሩት በፈረንጅ ነው። አያ ሙላቴ ሰዓትም ፊደልም የላቸውም። አንድ ሰው ይቀራል።»

«ግማሹ አገር እንዲህ ነው የሚቆጥረው!» አለ ዘውዱ። «እርስዎም ጭምር!»

«እውነት ነው። እኔ ግን ትናንት ማታ ይፋግ ከተማ ነበርሁ፤ እዚህ የነበራችሁት አራት ናችሁ። ባትሪ ማውጣቱንስ ከየት ተማረው? አያ ሙላቴ፣ ጧት የነገሩኝን ይድገሙት።»

«አምና ዓለምነው ፓስወርዱ ጠፍቶት ሲከፍተው እኔ ብሎን ያዝሁ፤ ጋሼ ዘውዱ የእጅ ባትሪ አበሩለት። ‹ይህችን ብቻ ነው የምታወጣት?› እያሉ ሲጠይቁት ሰምቻለሁ።»

«እንግዲህ ወደ አስራ ሁለት ሰዓቱ እንመለስ። ዓለምነው አስራ ሁለት ላይ ‹አበላሸሁት› ብሎ አለቀሰ ብለውኛል። ፀሐይ በዚህ ወር የምትገባው አስራ ሁለት ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ዓለምነው ጣራው ላይ ሆኖ ከአያ ሙላቴ ጋር እየሳቀ ያወራል። ማሽኑም አልተበላሸም፤ እመቤት እስከ አስራ ሁለት ከአስር ስትሠራበት ነበር። ገና ላልሆነ ነገር ማን ያለቅሳል?»

ዘውዱ የሸሚዙን እጅጌ ጎትቶ ሰዓቱን ሸፈነ።

«ጧት በኮምፔንሳቶው በኩል ዓርብ ፍርድ ቤት የሚለውን ሰሙ። የዓለምነውን እጅ ከማሽኑ ለማራቅ ወደ ጣራ ላኩት። ማሽኑን የሞተ አስመስለው ሊያስወግዱት፣ የባልቴቷም ነገር አብሮ ሊቀበር። ግን አንድ ችግር ነበር፤ ዓለምነው ከጣራ ወርዶ ቢያየው በሁለት ደቂቃ ያስነሳዋል። ይሻው አዲስ ነው፣ አትንካው ሲሉት ይታዘዛል፤ ዓለምነው ግን አይታዘዝም። ማሽኑ እንደሞተ የሚቀረው ዓለምነው ሲሞት ብቻ ነው። ስለዚህ ወጥተው ብሎን ለማጥበቅ ያጎነበሰውን ልጅ ገፉት። መፍቻው አሁንም ብሎኑ ላይ ነው። ሊሞት የወሰነ ሰው አራተኛውን ብሎን ምን ያደርግለታል?»

«በሰዓት ነው የምትከሺኝ?» ዘውዱ ጮኸ፤ እርስዎ ማለቱ ቀርቷል። «አንቺ ማነሽ? አሁን ለአዛዥሽ እደውላለሁ!»

«ደውል። እስኪያነሳልህ ድረስ እኔ ሽፋኑን ከፍቼ ባትሪዋ ላይ ያለውን አሻራ አስነሳለሁ። ማብራት የማይችል ሰው አሻራ እዚያ ምን ይሠራል?»

ስልኩ እጁ ውስጥ እንደተያዘ ቀረ። ዓይኑ ወደ ጣቶቹ ወርዶ ቶሎ ተመለሰ፤ ግን ሁሉም አይተውታል።

«ይሻው፣ መጀመሪያ ይህን ሰዓት ፎቶ አንሳ። ከዚያ የዓለምነውን ሥራ ጨርስለት።»

ይሻው የአነሳስ ዘዴውን መለሰ፤ አስቀምጦም ወጣ። ማሽኑ እንደ ወፍጮ ጮኸና ረጋ። እመቤት ተቀምጣ የባልቴቷን ማሳ ፈለገች፤ ጮክ ብላም አነበበች። «ስም የተቀየረበት ቀን፣ ሰኞ። የተዛወረበት ስም፣ የጋሼ ዘውዱ አማች። የቀየረው ሰው... ዘውዱ።»

ካቴናው ሲገባለት ዘውዱ አልታገለም፤ ወሬውን የሰማ ሕዝብም ግቢውን ሞልቶ እስከ በሩ ደርሷል።

ገነት እዚያው ቆማ በእጇ ጻፈች፣ ፈረመች፣ ማኅተም አደረገችበት። «እትዬ ማሬ፣ ወረቀትዎ ይኸው። ላንብብልዎ?»

«አንቺ አይደለሽም፣ ልጄ። ይሄ ያንብብልኝ።»

ደንቡ ይህን እንደማይፈቅድ ገነት ታውቃለች። ወረቀቱን ዘውዱ ፊት ያዘችው። እሱም ከአፉ ውስጥ ማጉተምተም ጀመረ።

«ጮክ በል!» አሉ ማሬ። «በሩ ላይ የቆመው ሕዝብ አልሰማም። ጧት ስታወራ ድምፅ ነበረህ።»

አነበበ። ዓለምነው ፋንታው በሥራ ላይ ሳለ በሰው እጅ ተገፍቶ መሞቱን፣ ራሱንም አለማጥፋቱን፣ ግቢው ጸጥ ብሎ እስኪሰማ ድረስ በገዛ አንደበቱ አነበበ። ማሬ እስከ ማኅተሙ ድረስ አስጨረሱት። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብለው በመቀነታቸው ጠቀለሉት፤ እንባቸው የመጣው ያኔ ነው፤ አልጠረጉትም።

«አሁን ልጄን ስጡኝ» አሉ። «ካህናቱ ገሳይ ላይ ይቆዩናል።»