ቀጭኔዋ ከነልጇ

«ቶሎ ያዥው!» አለች አለቃ፤ መነጽሩን ቀጮ መዳፍ ውስጥ ወሸቀችው።

ቀጮ ሳታስብ ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። የትምህርት ቤቱ ሚኒባስ ኮረኮንቹ ላይ እየዘለለ ነበር። የመነጽሩ ባለቤት ፕሮፌሰር ከፊታቸው ባለው ወንበር ላይ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ተኝታለች። መነጽሩን አውልቃ ጉልበቷ ላይ እንዳስቀመጠች ነው እንቅልፍ የወሰዳት።

«ትንሽ ሙድ እንይዝባትና እንመልስላታለን» አለች አለቃ። የክፍላቸው አለቃ ስለሆነች ስሟን የሚያስታውስ እንኳ የለም። ለሌላው ሁሉ፣ ለቀጮም ለፕሮፌሰርም፣ ቅጽል ስም ያወጣችው ደግሞ እሷ ናት።

ፕሮፌሰር ስትነቃ ጉልበቷን ዳበሰች፤ ከዚያ ወንበሩን፤ ከዚያ ተንበርክካ በሰው ጫማ መሀል ፈለገች። ያለ መነጽር ከክንዷ ርዝመት ያለፈ ነገር አይታያትም።

«ቲቸር፣ መነጽሬ የለም!»

የባዮሎጂ መምህሩ ከፊት ዞሩ። «ዓመቱን ሙሉ በፓርክ ወሬ ስትጨቀጭቂን ከርመሽ ዛሬ ዓይንሽን ጥለሽ መጣሽ?»

ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። ቀጮም ሳቀች። መመለስ የነበረባት ያኔ ነው፤ ግን መምህሩ ተቆጥተዋል፣ መነጽሩ ከኪሷ ቢወጣ ቁጣው ወደ እሷ ይዞራል። የኪሷን ዚፕ ዘጋችው።

ፓርኩ በር ላይ አንድ አስጎብኚ ተሳፍረው ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጡ። ጸሐይ ያነጣው አረንጓዴ ደንብ ልብስ የለበሱ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። «መውረድ የለም፣ መጮህ የለም» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ፕሮፌሰር ደብተሯን አውጥታ ዘረጋች። ከሳምንታት በፊት በማስመሪያ ሠንጠረዥ ሠርታበታለች፤ የእንስሳው ስም፣ ሰዓት፣ ብዛት።

«ውይ፣ ጎሽ!» አለች አለቃ ወደ አንድ ጥቁር ድንጋይ እየጠቆመች።

«የታል?» አለች ፕሮፌሰር።

«ይሄን የሚያህል ጎሽ አይታይሽም? በቃ፣ አንቺ ቤት ቁጭ ብለሽ ሬዲዮ አዳምጪ።»

ከኋላ ያሉት በሳቅ ፍርስ አሉ። ሌላ ድንጋይ «ዝሆን» ሲባል ፕሮፌሰር አንገቷን አስግጋ ትንሽ ቆየችና «አዎ፣ አየሁት» አለች። ጻፈችውም። ዝሆን፣ አንድ። ቀጥሎ አንበሳ ጻፈች። ባዶ ሜዳ ተጠቁሞላት ሦስት አቦሸማኔ ጻፈች።

መሀል ላይ አስጎብኚው እጃቸውን አነሡና ሾፌሩ አቆመ። ነብር ነበር፤ የእውነት ነብር፣ ቅርንጫፍ ላይ ተጋድሞ እግሩን አንጠልጥሏል። «ነብር» አሉ አስጎብኚው በሹክሹክታ። ቀጮ ያን ያህል የሚያምር ነገር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ዞር ስትል ፕሮፌሰር ወደ ተሳሳተ ዛፍ አፍጥጣ ፈገግ ብላለች፤ እሱንም ጻፈችው።

መኪናው ሲንቀሳቀስ አለቃ ቀጮን በክርኗ ጎሸመቻት። «ተራሽ ነው።»

«እኔ ይቅርብኝ።»

«አሃ! ለጎረቤትሽ አዘንሽላት? መነጽሩ ማን ኪስ ውስጥ እንዳለ ልንገራት?»

ቀጮ ወደ ፊት ጎንበስ አለች። ከፕሮፌሰር ጋር በአንድ ግቢ ነው ያደጉት፤ ከትምህርት ቤትም አብረው ነው የሚመለሱት። «ከግራሩ ጀርባ ቀጭኔ አለች» አለቻት። ድምፅዋ እንዳያሳብቅባት ደግሞ ጨመረችበት። «ከነልጇ። ትንሿ እየጠባች ነው።»

ፕሮፌሰር እጇን ያዘቻት። «እርግጠኛ ነሽ? እዚህ እኮ ቀጭኔ ጠፍቷል!» መልስ እንኳ አልጠበቀችም፤ ብድግ አለች። «ጋሼ! ጋሼ፣ ያቁሙልን! ቀጭኔ አለ፣ ከነልጇ!»

መኪናው ቆመ። አስጎብኚው ፊታቸው ተለዋወጠ። «የት? ማን ነው ያየው?»

«ከግራሩ ጀርባ። ያየችው እሷ ናት» አለች ፕሮፌሰር ወደ ቀጮ እየጠቆመች። «እሷ አትዋሽም።»

አስጎብኚው ወደ ጥቅጥቁ ግራር እያዩ የመገናኛ ሬዲዮናቸውን ነጠቅ አድርገው አነሡ። «ቢሮ፣ ይሰማል? ቀጭኔ ታየ፣ ከነልጇ! ከግራሩ ጀርባ ሰው ላኩ!» ከወዲያኛው በኩል የብዙ ሰው ሆታ ተሰማ። ሰውየው በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ። «የመጨረሻዋ በሽቦ ወጥመድ ታንቃ ስትሞት አጠገቧ ነበርኩ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። «አሥራ ሁለት ዓመት። አሥራ ሁለት ዓመት!»

ከኋላ የሚስቅ አልነበረም። አለቃ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች።

ቀጮ የፊቱን ወንበር መደገፊያ ያዘች። «ጋሼ… ቀጭኔ የለም።»

«ምን አልሽ ልጄ?»

«የለም። ዋሽቼ ነው።» ዚፑን ከፍታ መነጽሩን አወጣችና ለፕሮፌሰር ዘረጋችላት።

«መነጽሩ አንቺ ጋ ነበር?» አለች አለቃ ጮክ ብላ፣ ደንግጣ። «ቲቸር፣ እኔ ምንም አላውቅም!»

መምህሩ ወደ ቀጮ ብቻ አዩ። ቀጮ አፏን ከፈተች፤ ማን እንደሰጣት ልትናገር ነበር። ግን ፕሮፌሰር መነጽሩን አድርጋ ፊት ለፊቷ ቆማለች፤ የምታየውም እሷን ነው። ቀጭኔዋን የፈጠረችው አለቃ አይደለችም። የምትጠባዋን ልጇንም።

«እኔ ነኝ» አለች ቀጮ።

አስጎብኚው ሬዲዮውን እንደገና ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ስህተት ነው። ሰዎቹን መልሷቸው» አሉ። ሾፌሩ መኪናውን ወደ ቢሮው መለሰ።

ቢሮው ደጃፍ ሲደርሱ አስጎብኚው በሩን ከፍተው ወረዱ። «ሰዎቹ ሮጠው ወጥተው ነበር። ምን ብዬ ነው የማስረዳቸው?»

ቀጮ ተነሣች። በፕሮፌሰር በኩል ስታልፍ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ አገኘቻት፤ ማስመሪያዋን ይዛ መስመሮቹን አንድ በአንድ ትሰርዛለች። ዝሆኑን፣ አንበሳውን፣ አቦሸማኔዎቹን። ነብሩ ላይ ደረሰች።

«እሱ እውነት ነው» አለች ቀጮ።

ፕሮፌሰር ቀና ሳትል ሰረዘችው። «አላየሁትም።»

ቢሮው በራፍ ላይ አምስት ሰዎች አቧራ እንደለበሱ ቆመው ወደ ሚኒባሱ ያያሉ። ቀጮ ወረደችና ወደ እነሱ መራመድ ጀመረች።