የድመት ትራፊ

ከከሚሴ ሥጋ ገበያ ጀርባ ባለችው ትንሽ መስጊድ፣ በዚያ የረመዳን ምሽት የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ ሰላቱን የሚያስጀምረው ኢቃማ ግን አልተሰማም። ሰጋጆቹ ሙአዚኑን ሼህ ኢብራሂምን ፍለጋ ሲወጡ፣ ሽማግሌው ግቢው ውስጥ ከአንድ የድመት ማጥመጃ ሣጥን አጠገብ ወድቀው አገኟቸው። ሣጥኑ ውስጥም አንድ ድመት ሞቷል።

በማግስቱ ጠዋት ሬሳው ሳይታጠብ ከፖሊስ ጣቢያ ሃምሳ አለቃ ዑመር ደርሶ ጨርቁን ገለጥ አደረገ። የሼሁ ጀርባ ወደ ኋላ ተለምጦ ደርቋል፤ ጥርሳቸው ተቆልፏል። ዑመር ምን እንደገደላቸው በአንድ እይታ ለየ። ለየና «ምነው ባልለየሁት» አለ በልቡ። እጁም ሳያስበው ኪሱ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ጨበጠ።

«ምን ምርመራ ያሻዋል?» አለ ሥጋ ሻጩ ጀይላን። «የአደም የእንቅልፍ መድኃኒት ነው። ድመቱንም ሼሁንም ፈጃቸው።»

አደም ለከብት ክትባት መጥቶ ከሚሴ የቀረ የከብት ሐኪም ረዳት ነው። የገበያው ሰው ሥጋ የሚሰርቁበትን ድመቶች በመርዝ ሊጨርስ ሲነሳ፣ «ወንዶቹን ላኮላሻቸው፤ መራባታቸው ይቀንሳል» ብሎ የለመነው እሱ ነበር። ሼሁም «ከመግደል ማኮላሸት ይሻላል» ብለው ግቢውን ፈቀዱለት። ድመት ሣጥኑ ውስጥ ሲገባ አደም በወተት የእንቅልፍ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ሥራውን ሲጨርስ የግራ ጆሮውን ጫፍ ለምልክት ቆርጦ ይለቀዋል።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለ አደም። «ጠርሙሱን የት እንዳኖርኩት እንኳ አላስታውስም። እሰሩኝ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ያመነ ሰው ተገኝቷል፤ ዑመር «ውሰዱት» ቢል የሚቃወመው የለም። ሊል ፈልጎም ነበር፤ አላህ ያውቃል። ግን ጎንበስ ብሎ የሞተውን ድመት ጆሮ አየ።

«ዘሃራ፣ ነይ እስቲ» ሲል ወተት ሻጯን ጠራት። «ትናንት ወተት የገዛሽ ማን ማን ነው?»

«ያው ደንበኞቼ ናቸው። አዲስ ካልክ አያ ጀይላን ነው። ወተት ሆዴን ይነፋኛል ሲል ነበር የማውቀው፤ ትናንት ግን ማፍጠሪያው ሲቃረብ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ኩባያ ሙሉ አስቀድቶ ሄደ።»

«ለኢፍጣር ነዋ!» አለ ጀይላን።

«ሁላችሁም ቅረቡ» አለ ዑመር። «ይህን ጆሮ እዩት። ከተቆረጠ ቆይቷል፤ ቁስሉ ድኗል። አደም፣ እንዲህ ያለው ድመት ተመልሶ ሲገባ ምን ታደርገዋለህ?»

«በሩን እከፍትለታለሁ።»

«መድኃኒት አትሰጠውም?»

«ለምን ብዬ? ተኮላሽቷል እኮ!»

«አብሽር እንግዲህ፤ ወተቱን የሰጠኸው አንተ አይደለህም። የእንቅልፍ መድኃኒት ሰውን ያላላል እንጂ እንዲህ አይገትርም። ይህ ያበደ ውሻ የሚገደልበት የውሻ መርዝ ነው።» ከሬሳው አጠገብ የወደቀውን ጣባ አነሳ። ጠርዙ ላይ የድመት ጠጉር ተጣብቋል። «ጣባው የድመቶቹ ነው። ሼሁ ከአዛን ሲመለሱ ድመቱ ሲጠጣ አዩ፤ መርዙ ገና አልሠራበትም። የድመት ትራፊ በሸሪዓ ንጹሕ መሆኑን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ወተት ከመድፋት ጣባውን ከሣጥኑ አውጥተው ቢስሚላህ ብለው ማፍጠሪያ አደረጉት። ቀኑን ሙሉ ጾመው ውለዋል፤ ምሬቱን ሳያጣጥሙ ጨለጡት።»

«ያ ረቢ!» ዘሃራ ራሷን ያዘች። «ለድመት በተባለው!»

ጀይላን ዑመርን ትክ ብሎ አየው። «ብትናገር አብረን ነው የምንታሰረው» ይል ነበር ዓይኑ።

«የውሻ መርዝ ከሚሴ ውስጥ ያለው በፖሊስ ጣቢያው በተቆለፈ አንድ ሣጥን ብቻ ነው» አለ ዑመር። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ አሳያቸው። «ቁልፉም ይኸው። ባለፈው ሳምንት ጀይላን ያበደ ውሻ አለ ብሎ መጣ። የትኛው ውሻ፣ የት ነው ያለው ብዬ አልጠየቅኩም። ለጾሙ ሽንጥ ልኮልኝ ነበር፤ የበላ አፍ እንዴት ይጠይቅ? ዝም ብዬ ሰጠሁት። ዛሬም ዝም ብዬ ይህን ምስኪን ላሳስረው ትንሽ ነው የቀረኝ።»

ጀይላን ወደ ሬሳው ዞረ። «ወላሂ ሼሁን አስቤ አይደለም! ድመቶቹ ሥጋዬን ጨረሱብኝ። የአደም ነገር ደግሞ ዘገየብኝ።»

«አውቃለሁ። እኔም ለውሻ ብዬ ነበር።»

አጣቢዎቹ ውሃውን ይዘው ደጅ ቆመዋል። ዑመር ቁልፉን አብሮት ለመጣው ፖሊስ ለአብዱሰላም ሰጠው። «ሁለታችንንም ጻፍ» አለው።

አብዱሰላም ወረቀቱን ዘርግቶ እስክሪብቶውን አነሳ። «የማንን ስም ላስቀድም፣ ሃምሳ አለቃ?»

«የእኔን።»