ኳሷን ማን መለሳት?

ኳሷ ተንከባልላ ከእንጨት ደረጃው ሥር ገባችና ጨለማው ዋጣት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ፅዮን በልቧ ቆጠረች። ሰባት ላይ ስትደርስ ኳሷ ተመልሳ ወጣች። አልነጠረችም፣ አልተወላገደችም፤ ዝግ ብላ መጥታ ልክ ፅዮን ጫማ ፊት ቆመች።

«በሉ!» አለ አቤሴሎም። ቀልድ የማያልቅበት ልጅ ዛሬ ከንፈሩ አመድ መስሏል። «አሁንም ንፋስ ነው ትሉኛላችሁ?»

ንፋስ ቢሆን ደግ ነበር። ግን የአዳራሹ መስኮቶች በቀለም የተደፈኑ ናቸው፣ በሩም ዝግ ነው፤ ንፋስ ከየት ይምጣ? አሥራ አንዱ ልጆች ፈዘው ደረጃውን ያያሉ። ደረጃው ተመልካች እንዲቀመጥበት ግድግዳውን ተጠግቶ የተሠራ ነው። ሥሩ ባዶ ነው፤ ፊቱ በጣውላ ተሸፍኗል፤ ከወለሉ በላይ ኳስ የምታሾልክ ክፍተት ብቻ ቀርታለች። ይኼ ነገር ሲሆን ሦስተኛ ዓርቡ ነው። በመጀመሪያው ዓርብ ሳቁ። በሁለተኛው «ከውስጥ የሚያስል ነገር ሰማን» ያሉ ሁለት ልጆች እያለቀሱ ወደ እናቶቻቸው ሮጡ። ዛሬ የሳቀም ያለቀሰም የለም፤ ይኼ ደግሞ ባሰ።

ፅዮን ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በረኛ ናት። በረኛ አይፈራም ይባላል። እንዲህ የሚለው በረኛ ሆኖ የማያውቅ ሰው ነው። ኳሷን በጫማዋ ጫፍ ገፋ አደረገቻት፤ በእጇ መንካቱን ግን አልደፈረችም።

የአቤሴሎምን ጩኸት ሰምተው ትልልቆቹ ከግቢው መጡ። ዶሃ ውስጥ የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለሆነ የሐበሾቹ ኅብረት ጸሎቱን የሚያደርገው በዓርብ ነው። ለዚሁ ሲሉ ፈሪጅ አብዱልአዚዝ ሰፈር አጠገብ ካለ የግል ትምህርት ቤት ይህን የስፖርት አዳራሽ ተከራይተዋል። ከጸሎት በኋላ ልጆቹ ኳስ ይለማመዳሉ። አሠልጣኛቸው ጋሽ ቢምረው ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ አል ዱሃይል ሰፈር የአሠሪዎቹን ልጆች በመኪና ሲያመላልስ ይሰነብትና ዓርብ ሲደርስ ፊሽካውን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል።

የኅብረቱ ሽማግሌ ጋሽ መኮንን ነገሩን ሲሰማ እጅጌውን ሰበሰበ። ወደ ደረጃው ሄዶ ጣውላውን በመዳፉ ይመታው ጀመር።

«አንተ ክፉ መንፈስ! እዚህ ቦታ የለህም! ውጣ! በኢየሱስ ስም ውጣ!»

«አሜን!» አሉ እናቶች። የፅዮን እናት ብርቅነሽም አይኗን ጨፍና እጇን ዘርግታለች። የጋሽ መኮንን ድምፅ ባዶው አዳራሽ ውስጥ እየዞረ ተመልሶ መጣ፤ ውጣ፣ ውጣ፣ ውጣ። ጸሎቱ ሲያበቃ ከጣውላው ጀርባ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ሲላወስ ፅዮን ሰማች። ሌላ ሰው መስማቱን ለማወቅ ዙሪያዋን አየች። ሁሉም «ሃሌሉያ» እያሉ ነበር።

«እኔ ድሮም ብያለሁ» አለ ጋሽ መኮንን ላቡን እየጠረገ። «በበጋ ሰው የሚቀቅል ሙቀት አለ፤ አዳራሽ ይሁን፣ እሺ። አሁን ግን ብርድ ነው። አገር ምድሩ ዓመቱን ሙሉ ይኼን አየር ሲጠብቅ ከርሞ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የኛ ልጆች እዚህ ጨለማ ውስጥ ይታጎራሉ! ወለሉ ደረቅ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል። ለአንድ ፍሬ ልጅ ምን ይጠቅመዋል?»

ጋሽ ቢምረው ፊሽካውን አፉ ውስጥ አንከባለለና አወጣው። «ይጠቅመዋል እንጂ። ትልቅ ሜዳ ላይ አንድ ልጅ በሰዓት ውስጥ ኳስ የሚነካው ስንቴ ነው? ቆሞ ነው የሚውለው። እዚህ ጠባብ ናት፤ ሁሌ እግርህ ሥር ናት፣ ቶሎ ማሰብ አለብህ። ግድግዳ ደግሞ አይዋሽም፤ የሰጠኸውን ነው የሚመልስልህ።»

«የሰጠነውን ብቻ ቢመልስማ ጥሩ ነበር» አለ አቤሴሎም ቀስ ብሎ።

«ሌላም አለ» አለ ጋሽ ቢምረው። «ዛሬ ከለቀቅን ኸላስ፣ አለቀ፤ መመለሻ የለም። ከለቀቅንለት ትምህርት ቤቱ ነገ ጠዋት፣ ተማሪ በሌለበት፣ ይኼን ደረጃ ነቅሎ አዳራሹን መጋዘን ያደርገዋል። ዘበኛው ነግሮኛል።»

ክርክሩ ወዲያ ወዲህ አለና ጋሽ መኮንን ቆረጠው። የሚጫወቱት ልጆቹ ናቸው፤ ልጆቹ ይወስኑ። ከምሳ በኋላ እጅ ያወጣሉ፤ የበዛው ይጸናል። አቤሴሎም ወዲያው ፅዮንን በክርኑ ጎሰማት። «ሜዳ ነዋ! እውነተኛ ጎል፣ ከነመረቡ!» ፅዮንም ጭንቅላቷን ነቀነቀች። መረብ ያለው ጎል ሥር ቆማ አታውቅም። ከዚህ ጉድ ቤት የሚያወጣት ከሆነማ ባዶ አሸዋ ላይም ትቆማለች።

ሁሉም ለምሳ ወደ ግቢው ወጡ። ከጠዋት ጀምሮ ከተማዋን ጭጋግ ውጧታል፤ የመስጊዱ ሚናራ ከወገቡ በላይ የለም። ፅዮን ልትቀመጥ ስትል ነው ቦርሳዋን ያስታወሰችው። ምሳ ዕቃዋም ጓንቷም ያለው እዚያው፣ ጎሉ ጀርባ ነው።

«አቤሴሎም፣ አብረን ገብተን እናምጣው?»

«እኔ? አብደሻል? ጓንትሽን ያ ነገር አጥልቆት ይሆናል፣ ሂጂና ጨብጪው!» ልጆቹ ሳቁባት። ሳቅ ደግሞ ሰውን የማያስገባው ጉድጓድ የለም። ብቻዋን ገባች።

መብራቱን አጥፍተውታል። አንድ አምፖል ብቻ ጥግ ላይ እየተንጣጣ ይበራል፣ ይጠፋል። የገዛ ጫማዋ ድምፅ ከኋላ የሚከተላት ሰው መሰላት። ቆም ስትል እሱም ቆመ። ጎሉ ጋ ደርሳ ቦርሳዋን አፈፍ አድርጋ ስትዞር እግሯ ኳሷን መታ። ኳሷ በጨለማው ውስጥ ተንከባለለች፣ ተንከባለለችና ከደረጃው ሥር ገባች።

ፅዮን ደርቃ ቀረች። አንድ፣ ሁለት… ሰባት። ስምንት። ዘጠኝ።

ኳሷ አልተመለሰችም። ይኼኔ ነው የምር የፈራችው። ልትጮህ አፏን ስትከፍት ከጣውላው ጀርባ ድምፅ ሰማች፤ ንፍጥ ወደ ላይ የሚስብ ሰው ድምፅ።

መንፈስ ንፍጥ አለው እንዴ? ፅዮን ስለ መናፍስት ብዙ ስብከት ሰምታለች፤ ስለ ንፍጣቸው ግን አንድም ሰው ተናግሮ አያውቅም። ስልኳን አወጣች፤ ጫፏ ላይ ባትሪ ያላት ትንሽዬ ኖኪያ ናት። በጉልበቷ ተንበርክካ ክፍተቷ ላይ አበራች። መጀመሪያ ኳሷን አየች። ቀጥሎ ኳሷን አቅፈው የያዙ ጣቶች ታዩዋት፤ በረኪና የላጣቸው፣ የተሰነጣጠቁ ጣቶች። ከጣቶቹ በላይ ሁለት ዓይኖች አሉ።

«አትጩሂ» አሉ ዓይኖቹ፤ በአማርኛ። «በአላህ ይዤሻለሁ፣ አትጩሂ።»

ፅዮን የስልኳን ብርሃን ዝቅ አደረገች። «ማነሽ?»

«ሰዒዳ። የሐርቡ ልጅ ነኝ፣ ወሎ። ሙዓይዘር ሰፈር የሰው ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ስምንት ወር አንድ ቀን እንኳ አላረፍኩም፤ ኋላ ማዳም እጇን ስታነሳብኝ ጊዜ ወጣሁ። እዚህ የምታጸዳው ኡሙኩልሱም ያገሬ ሰው ናት፣ እሷ ናት የደበቀችኝ።»

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ፓስፖርቴ ሃያ ስድስት ይላል።» ኳሷን ጠበቅ አድርጋ አቀፈች። «እኔ ግን ዐሥራ ስድስት ነኝ።»

ፅዮን ይኼን ለመረዳት ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ደላላ ልጅ ሲልክ ዕድሜ እንደሚጨምር ፈሪጅ አብዱልአዚዝ ውስጥ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ዐሥራ ስድስት ማለት ግን አቤሴሎምን በአንድ ዓመት መብለጥ ነው። አቤሴሎም ደግሞ እስካሁን ጫማውን የምታስርለት እናቱ ናት።

«ኳሷን ለምንድን ነው የምትመልሻት? ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሽ ነበር!»

«ካልመለስኳት ሊፈልጓት ይገባሉ ብዬ ነዋ! መጀመሪያ እንደሱ ነበር።» ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ የመሰለ ነገር መጣና ሄደ። «ኋላ ግን እንዲያው ደስ ብሎኝ ነው። አገሬ ከወንድሞቼ ጋር የካልሲ ኳስ እጫወት ነበር። ስትመጣልኝ ጊዜ… አቀብይ ያላችሁኝ ይመስለኛል።»

ፅዮን ወደ ክፍተቷ ይበልጥ ተጠጋች።

«ያ ሰውዬ ግን» አለች ሰዒዳ፣ «ውጣ ውጣ እያለ ሲደበድብ እኔን መስሎኝ። ኸረ የት ልውጣ? የት ነው የምወጣው?» እንደገና አለቀሰች፤ ድምፅ ሳታወጣ ማልቀስ የለመደ ሰው ለቅሶ ነው። «ኡሙኩልሱም ማረፊያ አግኝታልኛለች። ግን አሁን እዚያ ያለችው ልጅ ከሁለት ሳምንት በፊት ቦታውን አትለቅም። ሁለት ሳምንት ብቻ ነው።»

ሜዳ ከተመረጠ ትምህርት ቤቱ ነገ ጠዋት ደረጃውን ይነቅላል። ፅዮን ይኼን ስታስታውስ ወለሉ ይበልጥ ቀዘቀዛት።

«በልተሻል?»

«ዓርብና ቅዳሜ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ እሷ አትመጣም። ሐሙስ በልቻለሁ።»

ፅዮን ምሳ ዕቃዋን አውጥታ በክፍተቷ አስገባችላት። ሹራቧን አወለቀችና እሱንም ጨመረች። ከግቢው ስሟ ሲጠራ ሰማች።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለች ሰዒዳ። «ከያዙኝ ተመልሼ እዚያው ቤት ነው።»

«አልናገርም። ሆድ ከአገር ይሰፋል፣ አይዞሽ።»

ከምሳ በኋላ ልጆቹ አዳራሹ መሀል ተሰለፉ። ጋሽ መኮንን ጠየቀ፤ ሜዳ የሚል? አምስት እጅ ወጣ፤ የአቤሴሎም እጅ ከሁሉ በላይ ተንጠራርቷል። አዳራሽ የሚል? ትንንሾቹና ሌሎቹ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ውጭ ወንዶቹ ኳስ እንደማያቀብሏቸው ያውቁታል። አምስት ሆኑ። ፅዮን እጇ አልወጣም ነበር። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«ያላ፣ ፅዮን!» አለ አቤሴሎም። «ምን ሆነሻል? ተስማምተን የለ እንዴ!»

ከአሠሪዋ የሸሸች ልጅ የሚደብቅ ሰው የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢቃማውን፣ እንደሚነጠቅ እናቷ ራሷ ስንት ጊዜ ተናግራለች። ጋሽ መኮንን ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ቢያውቅ ለሰማንያው ምዕመን ሰግቶ ያስወጣታል። ፅዮን ይኼን ሁሉ ታውቃለች። መረብ ያለውን ጎል ደግሞ እስካሁን ትመኘዋለች።

«አዳራሽ» አለች፤ እጇንም አወጣች።

ጫጫታ ሆነ። «ከዳተኛ!» አለ አቤሴሎም። ጋሽ መኮንን ግን ጎንበስ ብሎ ፊቷን አየ። «አንቺ እኮ ነሽ ቅድም ፈርተሽ የነበርሽው! እስቲ ንገሪኝ፣ እዚያ ሥር ያየሽው ነገር አለ?»

«ምንም የለም ጋሽ መኮንን» አለች። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ዋሽታ አታውቅም። «እርስዎ ጸልየውበት የለ? ወጥቷል።»

ጋሽ መኮንን ቀና አለ፤ ደረቱም አብሮት ቀና አለ። «ጌታ ይባረክ!» አለ። ጉዳዩ በዚሁ አለቀ።

ልምምዱ ሊያበቃ ሲል የአቤሴሎም ምት ተወላግዶ ደረጃው ሥር ገባ። ልጆቹ ባሉበት ቆሙ፤ አንዷ የጋሽ ቢምረውን እጅ ያዘች። «እኔ አመጣታለሁ» አለች ፅዮን። ግማሽ መንገድ ሳትሄድ ኳሷ ወደ እሷ መጣች። ዛሬ ጠዋት ከነበረው ፈጥና መጣች፤ የበላ ሰው ነው የመታት። ፅዮን በእጇ አነሳቻትና ደረቷ ላይ አቀፈቻት። ትንሽ ሞቃ ነበር።

ወደ ቤት ሲሄዱ ጭጋጉ ገና አልተነሳም። የሱቆቹ መብራት ከሩቅ ተንሳፍፎ ይታያል እንጂ ሱቆቹ አይታዩም። ብርቅነሽ የልጇን ቦርሳ ተቀብላ ይዛለች።

«ሹራብሽስ?»

«ረስቼው መጣሁ።»

«በዚህ ብርድ?» እናቷ ቦርሳውን ከፍ ዝቅ አደረገችው። «ምሳ ዕቃሽስ? እሱንም ረሳሽው?»

የፅዮን ሆድ ጮኸ፤ ዝም በሚባልበት ሰዓት ሆድ ይጮሃል።

ብርቅነሽ ቆመች። ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። እሷም ስትመጣ ፓስፖርቷ ላይ ያለው ዕድሜ የሌላ ሰው ዕድሜ ነበር፤ ይኼን ለፅዮን አንዴ ብቻ ነግራታለች። ልጇን አላየቻትም፤ ወደ ጭጋጉ እያየች ነው የተናገረችው።

«ዛሬ አይኔን ጨፍኜ ስጸልይ» አለች፣ «ከጣውላው ጀርባ አንድ ነገር ሰማሁ። መንፈስ ነው ብዬ አሜን አልኩ። ምሳ ስበላ ግን አልዋጥልሽ አለኝ።» የቦርሳውን ማንገቻ ጨበጥ አደረገች። «የሚቀጥለውን ዓርብ ምሳ ለስንት ሰው ልቋጥር?»

ፅዮን ቃል ገብታለች፤ ለማንም አልናገርም ብላለች። የእናቷን እጅ አየች። የቦርሳውን ማንገቻ የያዙት ጣቶች በረኪና የላጣቸው፣ የተሰነጣጠቁ ናቸው።

«ለሁለት» አለች።