ግማሹ የተወለወለ ምድጃ

አቶ ፍሰሐ ጌጃ ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ ከነጯ የኢናሜል ምድጃ ፊት እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ያገኟቸው ባለቤታቸው እማማ ወለተሰንበት ናቸው፤ ከሰው ቀብር ሲመለሱ። ሐኪም «በከሰል ታፍነው ነው» አለ። የምድጃዋ ጭስ ማውጫ በጨርቅ ተደፍኖ ነበር።

ሰፈሩ ጎረቤታቸውን ልብስ ሰፊውን ቢላልን ጠረጠረ። የምድጃዋ ጭስ የሙሽራ ቀሚስ ቢያጠቁርበት፣ «አንድ ቀን እደፍነዋለሁ» ብሎ ነበር። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የዚያን ዕለት ጠዋት ጣሪያ ላይ ታይቷል፤ የሚያፈስ ቆርቆሮ ልጠግን ነው ቢል ማን ይስማው! ታሰረ።

ኢንስፔክተር ማናለብሽ ግን ከምድጃዋ አልተላቀቀችም። ቀኝ ጎኗ ተወልውሎ ያበራል፤ ግራው ላይ የመወልወያው አመድና ሎሚ ደርቋል። እማማን ጠየቀቻቸው። በየሳምንቱ የሚወለውሏት እሳቸው ናቸው።

«ታዲያ ለምን ግማሹን ተዉት?»

«የዕድር ጥሩንባ ተነፋ። ለቅሶ ይቀራል እንዴ ልጄ?»

ማናለብሽ ዝም ብትል በወደደች፤ ግን ያለ ጥፋቱ የታሰረ ሰው አለ።

በሠልስቱ ቢላልን አስመጥታ፣ ለቀስተኛው በተቀመጠበት ድንኳን ተናገረች። ጨርቁ ከጣሪያ ቢገባ ቧንቧውን እየጠረገ ሲወርድ ዙሪያውን ጥላሸት ይሆን ነበር። የጠቆረው ግን ላዩ ብቻ ነው፤ ታቹ ንጹሕ ነው። ስለዚህ ከታች፣ ከቤት ውስጥ ነው የገባው። አቶ ፍሰሐ ዝናብ መትቷቸው ገቡ፤ መስኮቱን ዘጉ። እንጨቱ ርጥብ ስለነበር ከሰል አነደዱ። ከሰል ደግሞ እንደ እንጨት ዓይን አያቃጥል፣ አያስጠነቅቅ።

«እማማ፣ ሲወለውሉ ጨርቅ የሚወትፉት ለምንድን ነው?»

«ጥላሸት እንዳይወርድባት» አሉ አሮጊቷ። ከዚያ እጃቸውን አዩት። «አላወጣሁትም። ጥሩንባው ሲነፋ ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። ፍሰሐን እኔው ገደልኩት።»

ማናለብሽ በሥራዋ እንዲህ አዝና አታውቅም።

ቢላል ከወንበሩ ተነስቶ እግራቸው ሥር ተቀመጠ።

«እማማ፣ እኔ የተናገርኩት በአፌ ነው እንጂ እጄ አልነካውም። የእርስዎም እጅ ነው እንጂ ልብዎ የለበትም።»

ሦስት ቀን ሙሉ እንባ ያልወጣቸው እማማ፣ ያን ጊዜ የቢላልን ትከሻ ይዘው አለቀሱ።